በሁዳዴ የተወጋ ግንባር

እኔ ሳቂታ ሰው ነኝ። አውቃለሁ፣ ፊቴን ለሚያይ ሰው የሚታመን አይደለም። ሚስቴ አሰለፈች እንኳ ያመነችኝ ከተጋባን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ወጧ አልጥም ያለኝ እየመሰላት አንድ ቀን ጨው ትጨምራለች፣ በማግስቱ ትቀንሳለች። እኔ ደግሞ ይህች ሴት የጨውን ልክ መቼ ነው የምትለምደው እያልኩ ዝም ብዬ እበላለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን፣ ምን ይደረግ።

ጥፋቱ የግንባሬ ነው። በሁለቱ ቅንድቦቼ መሃል ሁለት ጥልቅ መስመሮች ቆመዋል። ሰው ሲቆጣ ብቅ ብለው የሚጠፉትን መስመሮች ታውቋቸው የለ? የኔዎቹ ብቅ እንዳሉ ቀሩ። አባቴም ነበሩት። እሱ እንኳ ጎጃም ውስጥ ፀሐይ ፊት ለፊት እያየ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው፣ አይፈረድበትም። እኔ ኮልፌ መጥቼ ልብስ ሰፊ ሆንኩና ጨመርኩበት። ቀኑን ሙሉ ዓይናችሁን አጥብባችሁ ክር በመርፌ ቀዳዳ ስታስገቡ ብትውሉ እናንተስ ምን ትመስሉ ነበር? የሰው ቀሚስ ሽንሽን ስተኩስ እውላለሁ፤ የራሴ ግንባር ላይ ያለውን ሽንሽን የሚተኩስልኝ ግን አልነበረም።

ሠርግ ላይ ስቀመጥ የሙሽራዋ እናት ሦስት ጊዜ ትመጣለች። ምን ጎደለ፣ ምን አስከፋህ እያለች ሥጋ ትጨምርልኛለች። እዚህ ላይ ግንባሬን አላማም፣ በልቼበታለሁ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ሳንሱሲ አካባቢ የተሰፋ ሱሪ ላደርስ ሄጄ፣ የሱሪው ባለቤት ጎረቤት ድንኳን ተተክሎ አየሁ። አልፎ መሄዱ ነውር መሰለኝና ለአንድ አፍታ ብዬ ገባሁ። ፊቴን ሲያዩ ከፊት አስቀመጡኝ። አንዱ ይሄ ሰውዬ ለሟች ምኑ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው ከገጠር የመጣው ወንድሙ መሆን አለበት አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያስነሳኝ? እስከ ሠልስቱ ድረስ ነው የያዙኝ። ሟችን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ሱሪውንም ያደረስኩት በአራተኛው ቀን ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ በሰላም እኖር ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣና የሰው ፊት የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ።

ያን ጊዜ እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አይቀርም። ሊቀመንበራችን ጓድ ሽፈራው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ንባብ ግን ይወድ ነበር። የጽዳት ዘመቻ ሪፖርት ብቻውን ሁለት ሰዓት ያነባል። አንድ እሁድ ከፊቴ ቆሞ እያነበበ ዓይኔ ሱሪው ላይ አረፈ። ካኪ ሱሪ ነው፤ ያሳጠርኩለት እኔው ነኝ። ለካ ቸኩዬ ኖሯል፣ የግራው እግር ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል አጥሯል። ሊቀመንበሩ ስንት ቦይ እንደተጠረገ እያነበበ ካልሲው በአንድ በኩል ብቻ ይታያል። ሳቄ መጣ። ሳቅ ሳፍን ደግሞ ግንባሬ ከወትሮው ይብስበታል።

ጓድ ሽፈራው ንባቡን አቆመ።

«ጓድ በላይነህ» አለ፣ «ከጽዳት ዘመቻችን ምኑ ነው ያላስደሰተህ?»

«ኧረ ደስ ብሎኛል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሕዝቡ በሙሉ ዞሮ ግንባሬን አየ። ያመነኝ አንድ ሰው አልነበረም።

ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። ራስን ከሕዝብ ፊት መውቀስ ማለት ነው፣ የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። ተነሣሁ። ጓዶች፣ ይህ ግንባር የኔ ጥፋት አይደለም፣ ከአባቴ የወረስኩት ነው አልኩ። ምን አለ ሌላ ነገር ብል ኖሮ። ጓድ ሽፈራው ውርስ የሚለውን ቃል ሲሰማ አንድ እርምጃ ቀረበኝ። እንግዲያው የፊውዳል ርዝራዥ ነው በለና አለኝ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው። እስከ ዛሬ ድረስ የሆነ መዝገብ ውስጥ ግንባሬ የፊውዳል ርዝራዥ ተብሎ ተቀምጧል።

ይሄም ባልከፋ። ከስብሰባው በኋላ ጓድ ሽፈራው ለብቻዬ ጠራኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠቅላላ ስብሰባ እንዳለ ነገረኝ። ከከፍተኛው፣ ማለትም ከቀበሌያችን በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ትልቅ ጓድ ይመጣል። በዚያው ቀን የቀበሌ ሱቅ ቤቶች ለእነማን እንደተፈቀዱ ከሕዝብ ፊት ዝርዝር ይነበባል። የኔም ሱቅ የቀበሌ ነው፤ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች አንዲት ክፍል። የስፌት መኪናዬ ያለችው እዚያ ነው። አሰለፈችና አራት ልጆቼ የሚበሉት ከዚያች ክፍል ነው። ጓድ ሽፈራው እንግዳው ሲመጣ ሕዝቡ ሁሉ ፊቱ ፈክቶ እንዲጠብቀው አዟል። አንተ እንዲህ ሆነህ ከመጣህ፣ አለኝ ግንባሬን በእስክሪብቶው እያመለከተ፣ ስምህ ዝርዝሩ ውስጥ ይኖራል ብለህ እንዳትጠብቅ።

ሦስት ሳምንት። ግንባር በሦስት ሳምንት ይለወጣል? መጀመሪያ ፈገግታ ተለማመድኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ጥርሴን ሳሳይ ትንሿ ልጄ አለቀሰች። አሰለፈች ጥርስ ሕመም የያዘህ ነው የምትመስለው፣ ተው ብላ መስታወቱን ነጠቀችኝ። ቀጥዬ መስመሮቹን በፕላስተር ወጥሬ ለጠፍኩና ሱቅ ሄድኩ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሠፈሩ ሁሉ አሰለፈች በሙቀጫ ዘነዘና መታችው ብሎ ጨርሷል። ማታ ፕላስተሩን ራሷ ላጠችው፤ ቅንድቤም አብሮ ሊሄድ ነበር።

በዚህ መሃል ነው የአሰለፈች ታናሽ እኅት ሙሉ ከሮም ለዕረፍት የመጣችው። ሙሉ ሮም ውስጥ አንድ የፊት ሐኪም ዘንድ ጽዳት ትሠራለች። ፊቱ ለታመመ ሰው የሚሆን ሐኪም እንዳይመስላችሁ። ፊቱ ላረጀ ሰው ነው። ሲኞራዎቹ ጠዋት ተጨማደው ይገባሉ፣ ከሰዓት ተዘርግተው ይወጣሉ። ሙሉ ለስድስት ዓመት መጥረጊያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ አይታለች። የኔን ጭንቀት ስትሰማ ግንባሬን በሁለት ጣቷ ዘርግታ አየችውና ጋሼ፣ ይሄማ ቀላል ነው፣ በመርፌ ይሞላል አለች።

እስቲ ልብ በሉ። መርፌ ሲባል እኔ የማውቀው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የኔው የሥራ መርፌ ነው። ሌላው ሱሪ አስወልቀው የሚወጉት ነው። ግንባር ላይ መወጋት የሚባል ነገር በሕልሜም አልነበረም። ሙሉ ግን የምሯን ነው። ደግሞም አንድ ብቻ አይደለም፣ ሦስት ዓይነት አለ አለች። ምረጥ ተባልኩ።

ከጨርቅ በቀር መርጬ የማውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እንደ ጨርቅ ጠየቅኳት። ከምንድን ነው የተሠራው? ስንት ጊዜ ያገለግላል? ያጥራል? ይሸበሸባል? ካላማረ ተተርትሮ ይወጣል?

የመጀመሪያው ኮላጅን ይባላል አለች። ከከብት ቆዳ የሚጣራ ነው። መስመሩ ውስጥ ይወጋና ይሞላዋል። ስድስት ወር ያህል ይቆይና ገላ ራሱ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ መስመሩ ተመልሶ ይመጣል። ችግሩ ለአንዳንድ ሰው አይስማማም፣ ስለዚህ አስቀድሞ ክንድ ላይ ጥቂት ተወግቶ ይሞከራል።

ሁለተኛው ሲሊኮን ነው፣ ዘይት ነገር ነው። አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ዕድሜ ልክ ነው። ይሄ ደግ ነገር አይደለም ወይ አልኳት። እሱን ባላየሁ አለች። አንዲት ሲኞራ ግንባሯ ላይ የተወጋችው ዘይት ዓመት ሳይሞላው ተንሸራትቶ የቀኝ ቅንድቧ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ ሊያወጣው ቢል ቢሠራ እምቢ አለ። ሴትየዋ ከዚያ ወዲህ ሰው በግራ ዓይኗ ብቻ ነው የምታየው።

ሦስተኛው የራስ ሥጋ ነው። ከሆድ ወይም ከዳሌ ጮማ በመርፌ ተስቦ ግንባር ውስጥ ይገባል። ይሄኛውን ስሰማ ደስ አለኝ፣ የራስ ነገር ነዋ። ሙሉ ሸሚዜን አስገልጣ ሆዴን አየች። ሸሚዜን መልሳ አወረደችው። እኔ በዚያ ጊዜ ጮማ የሚገኝብኝ ሰው አልነበርኩም፣ ከአጥንትና ከቀበቶ በቀር የለኝም። ይሄኔ አሰለፈች ተነሥታ ወገቧን ያዘችና ከኔ ይወሰድለት አለች። ሙሉ አይሆንም፣ የራሱ መሆን አለበት አለች። አሰለፈች ተቀየመች። በተክሊል ስንጋባ አንድ ሥጋ ናችሁ ያሉን ለቀልድ ነው ወይ ብላ ለሁለት ቀን እኅቷን አኮረፈች። እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ሚስት ስላለኝ በውስጤ በጣም ደስ አለኝ። ፊቴ ላይ ግን አልታየም።

ሁለት ቀሩ። ሁለቱንም ሙሉ ይዛ መጥታለች፤ ጊዜያቸው ሊያልፍ ጥቂት ስለቀራቸው ሐኪሙ ሊጥላቸው ሲል ነው ለምና የወሰደቻቸው። እዚያ አገር የሚጣለው ነገር ጉድ ነው አለችን። እኛ ቆሼ የደረሰ ዕቃ እንኳ ተለቅሞ ተመልሶ ይመጣል፣ እነሱ ከነማሸጊያው ይጥላሉ። በበረዶ ፔርሙስ ውስጥ አድርጋ አመጣቻቸው። ሠፈራችን ካለው ቡና ቤት ፍሪጅ ተለምኖ ከቢራው ጎን አስቀመጥናቸው።

እኔ ምርጫዬን ወዲያው አደረግሁ። በሙያዬ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ መተርተር የማትችለውን አትስፋ። ዘይቱ አይተረተርም። ከብቱ ግን በስድስት ወሩ ራሱ ይተረተራል። ስብሰባው ይለፍልኝ እንጂ ከዚያ በኋላ መስመሮቼ ቢመለሱ ምን ቸገረኝ? ከብቱ ይሁን አልኩ። አለቀ ደቀቀ ብዬ ተነሣሁ።

አሰለፈች ከጓዳ ብቅ አለች። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አለችኝ።

ሁዳዴ ነው። ለካ ረስቼው። እኛ ቤት በሁዳዴ ወተት የነካ ማንኪያ እንኳ ለብቻው ይቀመጣል። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ የከብት ነገር በአፋችን ሳይዞር፣ እኔ ከብቱን ከነቆዳው ግንባሬ ውስጥ ላስገባ ነው። ዘይቱን ተወጋ፣ ዘይት የጾም ነው አለች አሰለፈች። ሙሉ በበኩሏ ዘይቱ ይንሸራተታል ብላ ተሟገተች። ቢንሸራተትስ፣ አለች አሰለፈች፣ ቢንሸራተት ይሻላል ከሚገደፍ። ትንሽ አሰበችና ደግሞ ዘይቱ የሚበላ ዓይነት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ኅብረት ሱቅ ዘይት ከጠፋ ወር አልፎት ነበር። የሚበላ ከሆነስ ለግንባር ማዋሉ ግፍ ነው አለች።

መቼም እንዲህ ያለ ነገር ያለ ንስሐ አባት አይወሰንም። መምሬ ተክሌን አስጠራናቸው። ነገሩን ከሥር እስከ ላይ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁት ከብቱን ማን እንደባረከው ነው።

«እንዴት መምሬ?» አልኳቸው።

«ሲታረድ በስመ አብ ያለው ማን ነው? ያላወቅኸውን እርድ በአፍህ ትበላለህ?»

«አልበላም።»

«ታዲያ በግንባርህ እንዴት ትበላለህ?»

ሙሉን አየናት። ጣልያን አገር ስለሆነ ካቶሊክ ሳይሆን አይቀርም አለች። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግንባር ደግሞ ተራ ቦታ አይደለም አሉኝ። እኔ መስቀል የማሳርፍበት ነው። በዚህ በጾም እዚያ ውስጥ ከብት አስገብተህ ስትመጣ መስቀሌን የት ላሳርፈው? ቢጨንቀኝ አንገቴን ደፋሁ። እውነትም አስቤው አላውቅም።

ከዚያ መምሬ ተክሌ ግንባሬን አይተው አይተው፣ ይህ ነገር እውነት ሱቅህን ያሳጣሃል ወይ አሉ። አዎ፣ ያሳጣኛል አልኩ። ልጆችህስ? ከዚያችው ክፍል ነው የሚበሉት አልኩ። እንግዲያው ሕመም ነው አሉ መምሬ። ሰውን ከእንጀራው የሚያፈናቅል ግንባር ደኅና ግንባር አይደለም፣ ሕመምተኛ ደግሞ ጾም ይፈታለታል። ተፈቀደልኝ። ግን በባዶው አይደለም አሉ። ከተወጋህ በኋላ አርባ አንድ ስግደት ትሰግዳለህ። ብርቱ ናቸው መምሬ ተክሌ፣ በነጻ የሚሉት ነገር የለም። እጃቸውን ስሜ ተቀበልኩ።

የሚወጋኝ አቶ ዘውዱ ነው። ሠፈሩ ዶክተር ይለዋል እንጂ ድሬሰር ነው። ኮልፌ ውስጥ ያን ጊዜ ኪኒን የሚውጠው ያልታመመ ሰው ነው፣ የታመመማ ዘውዱ ዘንድ ሄዶ ይወጋል። እጁ ፈጣን ነው። የኔን ጉዳይ ሲሰማ ግን ወደኋላ አለ። እኔ ሰው የምወጋው ሱሪ አስወልቄ ነው፣ ግንባር ላይ ከየት ይጀመራል አለ። ሙሉ ያየችውን ሁሉ አስረዳችው። መጀመሪያ ክንዴ ላይ ጥቂት ወግቶ ሞከረ። አራት ሳምንት ጠብቁ ነበር የሚባለው፣ እኛ ያለን ከሁለት ሳምንት ብዙም አይበልጥ። ክንዴን በየጠዋቱ እናየዋለን። አላበጠም፣ አልቀላም። ከብቱ ተስማማኝ ማለት ነው።

ስብሰባው እሁድ ሊሆን ሐሙስ ዘውዱ ቤት ተቀመጥኩ። ግንባሬን በአልኮል ጠረገ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ? የለመደው ነገር አይለቅቀውምና፣ ሥጋው እንዲላላ ብሎ ግንባሬን ሁለቴ በጥፊ መታው። ሙሉ ጮኸች፣ እዚያ እንደሱ አያደርጉም ብላ። ይቅርታ አለና ወጋኝ። ስለ ሕመሙ አልነግራችሁም። ዓይኔን ስገልጥ መስታወቱ ውስጥ እኔን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ትምህርት ቤት የገባ ታናሽ ወንድም ቢኖረኝ እሱን ይመስላል። መስመሮቹ የሉም። አሰለፈች አፏን በነጠላዋ ይዛ ወይ ጉድ፣ ለካ መልከ መልካም ነህ አለች። ከአሥራ አራት ዓመት ትዳር በኋላ።

ዘውዱና ሙሉ አስጠነቀቁኝ። ሦስት ቀን እንዳትነካው፣ እንዳታሸው፣ በግንባርህ እንዳትተኛ። እሺ አልኩ።

በማግስቱ ዓርብ ነው። ቅዳሜና እሁድ አይሰገድም፤ ስለዚህ የመምሬን ስግደት ያለዚያ ቀን የምከፍልበት ጊዜ የለኝም። ሳልከፍል እሁድ ብደርስ እግዜር ሥራውን ቢያፈርስብኝስ? ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስግደት ደግሞ ግንባር መሬት ካልነካ ስግደት አይባልም። ዘውዱ አትንካው አለ እንጂ መሬት አይንካው አላለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ ነበር የማስነካው። አጠገቤ አንዲት አሮጊት ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ ቋ፣ ቋ ሲያደርጉ ሰማሁ። አፈርኩ። እኔም ቋ አደረግሁት። ሃያኛው ላይ ግንባሬ መሞቅ ጀመረ። አርባ አንደኛውን ስጨርስ የራሱ ልብ ያለው ይመስል ይመታ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አሰለፈች አየችኝና በስመ አብ አለች። ግንባሬ ከቅንድብ እስከ ፀጉር ድረስ አብጧል። ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ቅንድቦቼን ወደ ላይ ስቦ ሰቅሏቸዋል። እንግዲህ ቅንድቡ የተሰቀለ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ትልቅ የምሥራች የተነገረው ሰው ይመስላል። ለመቆጣት ሞከርኩ፣ አልተንቀሳቀሰም። ለማዘን ሞከርኩ፣ ያው ነው። ደስ ብሎሃል እንዴ ስትለኝ በፍጹም አልኳት። አላመነችኝም፣ እንግዲህ ልመደው ብላ ሄደች። ሙሉ ቀዝቃዛ ጨርቅ ስታደርግልኝ ዋለች፤ እብጠቱ ምንም አልጎደለም።

እሁድ አዳራሹ ሞልቷል። ጓድ ሽፈራው በር ላይ ሆኖ ፊት ይመረምራል። እኔን ሲያይ ቆመ። ከዚያ ሁለት እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ሰው እንዲህ ይለወጣል እንዴ አለኝና ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሕዝቡ በሙሉ በትእዛዝ ፈገግ ብሏል። አሮጊት አይል ዘበኛ ሁሉም ጥርሱን አውጥቶ ተቀምጧል።

እንግዳው ገባ። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው። ከጦር ግንባር በቅርቡ ነው የተመለሰው ተባለ። መድረኩ ላይ ወጥቶ ቆመና አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«የመጣሁት ሠርግ ቤት ነው?» አለ።

እናት አገራችን በስንት ጠላት ተከባ ልጆቿ እየወደቁ፣ አለ፣ እናንተ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ትገለፍጣላችሁ? በዚህ ቀበሌ ትግሉ የሚያሳስበው አንድ ሰው እንኳ የለም? ፈገግታው ከፊት ረድፍ ወደኋላ እየተከደነ ሄደ። ሁሉም ፊቱን ሰበሰበ። እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ቅንድቤ እንደተሰቀለ።

ጓድ ሽፈራው ላብ አጠመቀው። ወረቀቱን ገለበጠ፣ ቃለ ጉባኤውን አገላበጠ። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አለ እንጂ፣ ጓድ» አለ። ጓድ በላይነህ የሚባል ቁም ነገረኛ ሰው አለን። በየስብሰባው ፊቱን ቋጥሮ ነው የሚያዳምጠው፣ በጽሑፍ ተመዝግቧል። ጓድ በላይነህ ይነሣ።

ተነሣሁ። እንግዳው አየኝ። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አየኝ።

«ይኼ?»

ጓድ ሽፈራው ተጠጋኝ። በጥርሱ መሃል፣ ግንባርህን ቋጥረው አለኝ። ቋጥረው በላይነህ፣ እባክህ፣ ለዛሬ ብቻ። እባክህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ሞከርኩ፣ እግዜር ያውቃል ሞከርኩ። የአባቴን ቀብር አሰብኩ። ዕድሜ ልኬን ሳልፈልግ የተቋጠረ ግንባር ስፈልገው እምቢ አለ። ብቻ ይግላል፣ ይወጠራል።

እንግዳው ከመድረኩ ወርዶ ፊቴ ቆመ። ምንድን ነው እንዲህ ያስደሰተህ አለኝ። የሱቆቹ ዝርዝር ጓድ ሽፈራው እጅ ላይ ነው። ሱቄ አለቀላት አልኩ በልቤ። የስፌት መኪናዬ አስፋልት ዳር ወጥታ፣ ዝናብ እንዳይነካት አሰለፈች ነጠላዋን አልብሳት ከጎኗ ቆማ፣ አራቱ ልጆቼ እሱን ሲያዩ ታዩኝ። ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እንባዬ መጣ። በዚያ በተወጠረ፣ የምሥራች በሰማ ፊት ላይ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። ልይዘው አልቻልኩም።

እንግዳው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እዩት አለ። ጠላት እንዳያይበት ፊቱን አበርትቶ፣ ውስጡ ግን ለእናት አገሩ የሚያነባ ሰው እንዲህ ነው። አጨበጨበ። ጓድ ሽፈራው ከእሱ ቀድሞ ሊያጨበጭብ ሲሞክር ወረቀቱን ጣለ። ሕዝቡም አጨበጨበ። ዝርዝሩ ሲነበብ ስሜ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ አሰለፈች እውነት ለእናት አገር ነው ያለቀስከው አለችኝ። ለስፌት መኪናዬ ነው አልኳት። እሱማ ገብቶኛል አለች።

እብጠቱ በሳምንቱ ጎደለ። ከብቱም እንደተባለው በስድስት ወሩ ተበልቶ አለቀ፣ መስመሮቼ ተመለሱ። ይኸው አሉ። ሱቋም አለች፣ ሱሪ የሚጠብባችሁ ብቅ በሉ። ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ዕድሜ ልኬን ይህ ፊት በልቤ የሌለውን እየተናገረብኝ ስቀጣበት ኖርኩ። አንዲት ቀን ብቻ በእንባው የልቤን በትክክል ተናገረ፤ ያቺንም ተሳስተው አነበቡና ሱቅ ሰጡኝ።